የሲም ሬሲንግ መሪ ለመቀየር፦ ጂ29፣ ቲ300 ወይስ ሞዛ አር5?

ጎንደር ውስጥ ሲም ሬሲንግ (በፒሲ ወይም በፕሌይስቴሽን በመሪ የሚነዳ የመኪና ጨዋታ) ከሚጫወቱ ወዳጆቼ ብዙዎቹ የጀመሩት በሎጊቴክ ጂ29 ነው፤ አንዱ ዘመድ ከውጭ አምጥቶለት፣ ሌላው ያገለገለ ገዝቶ። ትንሽ ነድተው እጃቸው ሲፈታ ጥያቄው አንድ ይሆናል፦ «ይቺ መሪ አነሰችኝ፤ እንደ እውነተኛ መኪና የሚሆን ልግጠምላት?» እኔም መልሼ «ምንድነው የምትነዳው?» እላለሁ። ፎርሙላ የሚነዳና በዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ከባድ መኪና የሚነዳ አንድ ዓይነት መሪ አይገዙም።

ከፊታችሁ ሦስት መንገድ አለ። ያለውን ጂ29 ይዞ መሪውን ብቻ መቀየር፤ መሪው ተፈትቶ የሚቀየርለትን ትረስትማስተር ቲ300 መያዝ፤ ወይም ቤዙንም (መሪው የሚታሰርበትን ባለ ሞተር ሳጥን) ጭምር ትቶ ወደ ሞዛ አር5 መሻገር። በየትኛውም ብትሄዱ ግን ለየብቻው የምትገዙት መሪ ስድስት ቀዳዳ ያለውና ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ 70 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢሆን እመክራለሁ። ሞሞ፣ ስፓርኮና ኦኤምፒ የሚባሉት መሪ ሠሪዎች በብዛት የሚሠሩት በዚህ ልክ ነው። የሌላው መሪ ሠሪ የናርዲ ግን 74 ነው፤ እሱን ከገዛችሁ ለብቻው ማያያዣ ፍለጋ ትገባላችሁ። ቤዝ ያረጃል፣ ጥርሱ ይበላል፣ የተሻለ ይወጣል፤ ባለ 70 መሪ ግን ከአንዱ ቤዝ ወደ ሌላው አብሯችሁ ይሄዳል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣን ዕቃ ሁለት ጊዜ መግዛት ቀልድ አይደለም።

ስፋቱን በቁጥር እንየው። ቤዙ የሚሰጠው ጉልበት ያው ሆኖ መሪው በሰፋ ቁጥር እጃችሁ ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል። ጂ29 ቢበዛ 2.2 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። በራሱ 27 ሴንቲ ሜትር መሪ እጅ ላይ የሚደርሰው 1.7 ኪሎ ያህል ነው። 32 ሴንቲ ሜትር መሪ ስታስሩበት 1.4 ይሆናል፤ 38 ሴንቲ ሜትር የመኪና መሪ ስታስሩበት ወደ 1.2 ይወርዳል። ቲ300 በ3.9 ኒውተን ሜትርና በ28 ሴንቲ ሜትር መሪ 2.8 ኪሎ ገደማ፣ ሞዛ አር5 በ5.5 ኒውተን ሜትርና በዚያው ስፋት 4 ኪሎ ገደማ ያደርሳል። ስለዚህ ጂ29 ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ አልመክርም። ክብደቱም መታየት አለበት፤ ከባድ መሪ ትናንሾቹን ሞተሮች ያዘገያል፣ ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ሊሰማችሁ የሚገባው ቀጭን ንዝረትም ይጠፋል።

የጂ29 አስቸጋሪ ሥራ መሃሉ ላይ ነው። በተኖቹ ያሉት መሪው ላይ ስለሆነ መሪው ሲፈታ አብረው ይነሳሉ፤ የቤዙ ቀዳዳዎችም ከ70ው ጋር አይገጥሙም። በመሃል የሚገባ ጠፍጣፋ ማያያዣ ያስፈልጋል። ተሠርቶ የሚሸጥ አለ፤ ጎበዝ ቶርኖ ቤት ካገኛችሁ ግን ከአሉሚኒየም እዚሁ ያወጣላችኋል። ልኩን ስትወስዱ የቀዳዳውን መሃል በዓይን አትገምቱ። ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ለኩ፤ 70 ከመጣ 70 ነው። ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ደግሞ በዚያው አለካክ 35 መምጣት አለባቸው። ባለሙያውም ሲያወጣው ኮምፓሱን 35 ላይ ከፍቶ ክቡን ይስላል፤ ከዚያ ሳይዘጋው በዚያው ልክ ዙሪያውን ስድስት ጊዜ ይረግጣል። ስድስተኛው ምልክት የመጀመሪያው ላይ ካረፈ ትራፓኖው መነሳት ይችላል። አዘዞ ያለ አንድ ባለ ቶርኖ «ወንድሜ፣ ቀዳዳው ሺህ ጊዜ ቢያምር መሃሉ ካልመጣ መሪህ እንቁላል ይሆናል» ብሎኛል፤ እውነቱን ነው። መሃሉን የሳተ መሪ ሲዞር ከፍ ዝቅ ሲል እጅ ወዲያው ያውቀዋል።

የጠፉትን በተኖች በተመለከተ፣ ፒሲ ላይ ለምትጫወቱ መፍትሔ አለው። አርዱይኖ ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ የሚባሉትን ትናንሽ ቦርዶች ኮምፒውተሩ እንደ ጆይስቲክ እንዲያያቸው ማድረግ ይቻላል፤ በተን አሰልፎ በዩኤስቢ መሰካት ነው። ሽቦው ከመሪው ጋር ስለሚዞር እንደ ስልክ ገመድ የተጠቀለለውን ዓይነት ተጠቀሙ፤ ጂ29 ከጫፍ እስከ ጫፍ 900 ዲግሪ ይዞራልና ቀጥ ያለ ሽቦ ቶሎ ይበጠሳል። ፕሌይስቴሽን ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

ከአሮጌ መኪና የተፈታ መሪ ርካሽ ነው፤ መልኩም ልብ ይስባል። ለከባድ መኪና ጨዋታ ካልሆነ ግን አልመርጠውም። መሃሉ ባለ ጥርስ ስለሆነ ስድስት ቀዳዳ የለውም፤ ክብደቱም ከላይ እንዳልኩት ጂ29ን ያደክመዋል። ኤርባግ ያለው ከሆነ ደግሞ በፍጹም ራሳችሁ አትንኩት። ውስጡ የሚፈነዳ ነገር አለ፤ የሚያውቅ መካኒክ ይፍታው።

ቲ300 ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ከመሪው ጀርባ ያለችውን አንዲት ብሎን በካቻቢቴ ትፈታላችሁ፣ ቀለበቱን ታዞራላችሁ፣ መሪው ከነሶኬቱ ይወጣል። በተኖቹ ከሚገባው መሪ ጋር ይመጣሉ። ውስጡ በቺንጋ ስለሚሠራ የጂ29 የጥርስ መንኳኳት አይሰማም። ፋብሪካው ራሱ ከሚሸጣቸው መሪዎች መካከል ፌራሪ 599ኤክስኤክስ የሚባለው 30 ሴንቲ ሜትርና አልካንታራ (ከፋይ የሚመስል ለስላሳ ጨርቅ) ነው፤ ስፓርኮ አር383 ደግሞ 33 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ለራሊ የተመቸ ነው። አልካንታራ ሲያዩት ያስጎመጃል፤ ነገር ግን የእጅ ላብና አቧራ ይይዛል፣ ከጊዜ በኋላም ይላጫል። ቆዳ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ቢቀደድም የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉት በመርፌ ይመልሱታል። እኔ ቆዳውን እመርጣለሁ። የቲ300 ጉድለቱ ሶኬቱ የራሱ መሆኑ ነው፤ ባለ 70 መሪ ለመግጠም አሁንም ማያያዣ ትፈልጋላችሁ። ረጅም ሰዓት ሲነዳም ሞተሩ ይሞቃል፣ ጉልበቱም ትንሽ ይቀንሳል።

ሞዛ አር5 ሌላ ደረጃ ነው። መሪው ቀጥታ ሞተሩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በመሃል ጥርስም ቺንጋም የለም። ፍሬን ስትይዙና የኋላው ጎማ ሊያመልጥ ሲል ዓይናችሁ ከማየቱ በፊት እጃችሁ ይሰማዋል። መሪው ቀለበቷ ስትሳብ ይነቀላል፣ ማሰሪያውም ባለ 70 ሚሊ ሜትሩን መሪ ይቀበላል። 32 ሴንቲ ሜትር ብትገጥሙለት እንኳ 3.5 ኪሎ ገደማ ይተርፋችኋል። ከሊማሊሞ ጥምዝ የማይተናነስ የራሊ መንገድ በስክሪን ለሚወጣ ሰው ከሦስቱ የምመርጥለት ይህን ነው። ሁለት ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። የሚሠራው በፒሲ ብቻ ነው። ቀላል ጠረጴዛም አይችለውም፤ በብየዳ የተሠራ የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ እዚሁ ይሠራል።

መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጂ29ም ቲ300ም ኃይል ሲያገኙ መሃላቸውን ለመፈለግ ራሳቸው ግራና ቀኝ ይዞራሉ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ልጆች ባሉበት ቤት በተለይ።

እንግዲህ ፕሌይስቴሽን ያላችሁ ቲ300 ከቆዳ መሪ ጋር ይበቃችኋል። ፒሲ ያላችሁና ጂ29 የያዛችሁ፣ ለአር5 የሚሆን ገንዘብ እስኪጠራቀም 30 ሴንቲ ሜትር ባለ 70 መሪ አስገቡና በቶርኖ ማያያዣ ንዱ፤ ቤዙ ሲመጣ መሪው ይዛወራል። ፎርሙላ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ግን የጂ29ን መሪ አትንኩ፤ ትንሽነቱ ለእናንተ ይጠቅማል፣ ገንዘቡን ለቤዙ አቆዩት። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ የምትልኩት መልእክት አጭር ይሁን፦ «30 ሴንቲ ሜትር፣ ክብ፣ ቆዳ፣ 6 ቀዳዳ፣ 70 ሚሊ ሜትር፣ ብሎኖቹ አብረው ይምጡ»።