ቀን ሙሉ አልጠፋ ያለው የግቢ መብራትና አዲሱ ፎቶሴል፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ቶሎ መልስ ለሚፈልግ ሰው ልንገረው፤ ዕቃው ለዋጋው ጥሩ ነው። ባለ ሦስት ሽቦ፣ 220 ቮልት 10 አምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት ቻይና ሠራሽ ፎቶሴል ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ድሬዳዋ ሳቢያን ባለው ግቢያችን የመብራት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ ሲመሽ ያበራል፣ ሲነጋ ያጠፋል። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩበት በሽቦው ማጠርና በመያዣው ነው፤ እሱን ከታች ታገኙታላችሁ። ነገር ግን ቀን የሚበራ መብራት ሁሉ ፎቶሴሉ ሞቷል ማለት ስላልሆነ፣ ወደ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት የሚቀጥለውን አንብቡ።

ግቢያችን የጋራ ነው። ተከራዩም እኛም በአንድ በር ነው የምንገባ የምንወጣው፣ ቆጣሪውም አንድ ነው። መሐል ላይ የብረት ምሰሶ አለ፣ ጫፉ ላይ ባለ 50 ዋት ኤልኢዲ ፓውዛ። ይህ ፓውዛ ባለፈው ዓመት ጠዋት ጠዋት መዘግየት ጀመረ። መጀመሪያ እስከ ረፋድ፣ ቀጥሎ እስከ ቀትር፣ ኋላ ጭራሽ ቀንና ሌሊቱ ተምታታበት። የግቢው ልጆች ደግሞ መላ አገኙለት፤ ምሰሶውን በዱላ ሲመቱት ጥፍት ይላል። «አቦ ተዉት! በላያችሁ ላይ ትጥሉታላችሁ!» እያሉ እማማ ከበረንዳቸው ቢጮኹም፣ የልጆቹ ዱላ ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ በሽታውን ነግሮን ነበር።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በብዛት የሚሸጠው ርካሹ ፎቶሴል ውስጥ ካድሚየም ሰልፋይድ የሚባል ነገር የተቀባ ትንሽ ዓይን አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ሲጨልም ይዘጋል። ቀን ላይ በዚያ ዓይን ያለፈው ኤሌክትሪክ አንዲት ትንሽ ማሞቂያ ያግላል፤ ማሞቂያዋ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ስስ ቅጠል ታጎብጣለች፤ ቅጠሉ ሲጎብጥ የመብራቱ መስመር ይላቀቃል። ሲመሽ ማሞቂያዋ ትበርዳለች፣ ቅጠሉ ይመለሳል፣ መስመሩ ይገናኛል፣ መብራቱ ይበራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ምንም በማይሠራበት ጊዜ መስመሩ የተገናኘ ነው። ዓይኑ ቢሞት፣ ማሞቂያዋ ብትቃጠል፣ ቅጠሉ ቢጣበቅ መጨረሻው መብራቱ በርቶ መቅረቱ ነው። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው፤ መንገድ ሌሊት ከሚጨልም ቀን መብራት ቢባክን ይሻላል ተብሎ።

የእኛ አሮጌው ቅጠሉ ተጣብቆ ነበር። አውርደን ስንከፍተው የመገናኛው ነጥብ ጠቁሮ፣ ጫፍና ጫፉ ተበያይዷል። በዱላ ሲመታ የሚላቀቀውም ለዚህ ነው። ከእኛ በፊት በቤቱ የነበረው ሰው የምሰሶውን፣ የበሩንና የጓሮውን ሦስቱንም ፓውዛ በአንድ ፎቶሴል አስሮ ኖሯል። ኤልኢዲ ሲነሣ፣ ለቅጽበት ብቻ፣ ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ የሚሆን ኤሌክትሪክ ይስባል። ሳጥኑ ላይ 10 አምፔር ይላል ብላችሁ በዋት ስታሰሉ ይበቃል ይመስላል፤ በየምሽቱ የምትፈነጥቀው ያቺ ብልጭታ ግን ነጥቡን ቀስ በቀስ ትበላዋለች። አሁን ፎቶሴሉ ላይ ያለው የምሰሶው ብቻ ነው፤ ሁለቱ በማብሪያ ማጥፊያ ይሠራሉ።

የእናንተ ግን በዱላ ካልጠፋ፣ ምናልባት ኒውትራሉ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ፣ ይሆናል። የፎቶሴሉ የኒውትራል ሽቦ ከላላ ወይም ከተበጠሰ ማሞቂያዋ ኤሌክትሪክ አታገኝም፣ ስለዚህ ቀን ቢሆንም ጨለማ ይመስለዋል። መብራቱ ራሱ ኒውትራሉን በሌላ በኩል እያገኘ ስለሚበራ ማንም አይጠረጥረውም። አንድ ጎረቤታችን እንዲህ ሆኖበት አዲስ ገዝቶ ቢቀይርም ያው ሆነ፤ የላላችውን ሽቦ ሲያጠብቁለት አሮጌውም አዲሱም ደህና ሆነው ተገኙ። ሦስተኛው ምክንያት የዓይኑ መሸፈን ነው፤ አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ የወፍ ኩስ።

ሰዉ ግን ቶሎ ብሎ የሚወቅሰው ዛፉን ነው። ድሬ የኒም ዛፍ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል፤ የእኛም ምሰሶ አጠገብ አንድ ትልቅ ኒም አለ፣ ቁረጡት ያለን ብዙ ነው። አልቆረጥነውም፣ ደግ አደረግን። እንዲህ ዓይነት ፎቶሴል የሚያበራው ብርሃኑ ወደ ጥቂት አሥር ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ሲወርድ ነው። የቀን ፀሐይ በአሥር ሺዎች ሉክስ ይቆጠራል፤ የዛፍ ጥላ ሥር እንኳ ከመቶዎች አይወርድም። ጥላ ብቻውን መብራት አያስበራም። አቧራ ያለበሰው ዓይን ጥላ ሥር ሲሆን ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ጠዋት አርፍዶ ይጠፋል፣ ማታ ቀድሞ ይበራል።

ወደ መግጠሙ ልምጣ። ዕቃውን እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ነው የገዛነው፤ ዋጋው ከአንድ ደህና የኤልኢዲ አምፖል ብዙም አይርቅም። ሊገጥም የመጣው የሰፈራችን ልጅ ቀልጣፋ ነው፣ ብሬከሩን አወረደ፣ በቴስተር አረጋገጠ፣ ከዚያ ጥቁሯን ሽቦ ይዞ፦

«ጋሼ፣ ጥቁሩ ኒውትራል ነው አይደል?»

«ሳጥኑን እይ እስቲ» አልኩት።

አየው። ሳቀ። «ወላሂ ተገልብጧል!»

የእኛ ሀገር ባለሙያ ቀይን ፌዝ፣ ጥቁርን ኒውትራል እያለ ነው የለመደው። እዚህ ዕቃ ላይ ግን ጥቁሩ ከቆጣሪ የሚመጣው ፌዝ ነው፣ ነጩ ኒውትራል፣ ቀዩ ወደ መብራቱ የሚሄደው። በልማድ ከተገጠመ ወይ አይሠራም ወይ ቀን ሙሉ ይበራል፤ ከባሰም ዕቃው ይቃጠላል። አሮጌ ቤት ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለው ሽቦ ቀለምም አይታመን፤ ከዚራ ሰፈር ያሉትን የድሮ ቤቶች የሚያውቅ ይህንን ያውቃል። በቴስተር ነው የሚለየው። ምሰሶው ብረት ከሆነ መሬት የገባ አርዝ እንዳለውም አብራችሁ አስፈትሹ፤ ክረምት ላይ ልጆች የሚደገፉት ብረት ነው።

ተገጥሞ ሲያልቅ ዓይኑን በጥቁር ፕላስተር ሸፍነን ጠበቅን። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ማሞቂያዋ እስክትበርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ብዙ ሰው በእጁ ሸፍኖ እስከ አሥር ቆጥሮ «አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል። መዘግየቱ ጥቅም አለው፤ መብረቅ ብልጭ ሲል ወይም የባጃጅ መብራት ሲያልፍበት እንዳይጠፋ ነው።

የዓይኑ አቅጣጫ ከዕቃው ዓይነት ይበልጣል የምለው ከልምድ ነው። መመሪያው ወደ ሰሜን አዙሩት ይላል፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳትመታው፣ ንጋትና ምሽቱንም ሳያዳላ እንዲያይ። ምክሩ የተጻፈው ከእኛ ርቀው በስተሰሜን ላሉ አገሮች ነው። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 9 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ራሷ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ስለዚህ ሰሜን ብናዞረውም ከላዩ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ሠራንለት፣ ፕላስቲኩ እንዳይነድ። ያም ሆኖ ግልጹ ክዳን አሁን ከዳር ከዳር ቢጫ እየሆነ ነው። ገና አላስቸገረም፤ የዚህ ዕቃ ዕድሜ የሚያበቃው በዚያ በኩል እንደሚሆን ግን እገምታለሁ።

ሌላው ደግሞ የራሱን ብርሃን እንዳያይ ነው። መጀመሪያ የገጠምነው ከፓውዛው በታች ነበር፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ በኖራ የተቀባ ግንብ አለ። ሌሊቱን ሲበራ፣ ሲጠፋ፣ ሲበራ፣ ሲጠፋ አደረ። ግንቡ ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ ዓይኑን ይነካዋል፣ ነጋ ብሎ ያጠፋል፣ ሲጨልም እንደገና። በማግስቱ ልጁ መጥቶ ከፓውዛው በላይ አወጣው፣ ከዚያ ወዲህ እንዲህ አላደረገም። እዚህ ላይ ነው የሽቦው ማጠር ያናደደኝ፤ ከዕቃው የሚወጣው ሽቦ አንድ ስንዝር ያህል ስለሆነ ወደ ላይ ለማውጣት መቀጠል ግድ ሆነ፣ ውጭ ላይ የተቀጠለ ሽቦ ደግሞ ውሃ የማያስገባ ሳጥን ይፈልጋል። አብሮት የመጣው መያዣ ስስ ቆርቆሮ ነው፣ በመጀመሪያው ዝናብ ዛገ። በወፍራም ቀየርነው።

የወራቱ ኑሮ እንግዲህ ይህን ይመስላል። አቧራው የድሬ አቧራ ነው፣ ነፋስ የበዛበት ሳምንት ካለፈ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ዓይኑን ካልጠረግነው ጠዋት መዘግየት ይጀምራል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ደግሞ ራሱን ያጥባል። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ከሰዓት በኋላ በርቶ ያውቃል፣ ደመናው ሲገለጥ ጠፍቷል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። የኤሌክትሪኩ ኃይል ሲደክም ማሞቂያዋም ስለምትደክም ጠዋት ትንሽ ይቆያል። ቀን ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ምሰሶው መጀመሪያ ይበራል፣ ማሞቂያዋ እስክትግል አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል። አሁን ግቢው ውስጥ መብራት መምጣቱን የምናውቀው በእሱ ነው፤ በርጫ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ቀና ብለው ምሰሶውን ያዩና አንዱ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል።

ወጪውን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። 50 ዋት ቀኑን 12 ሰዓት በከንቱ ሲነድ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 18። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ለሚኖርበት ግቢ፣ ያቺ 18 የምትቆጠረው ውድ በሆነው እርከን ላይ ነው። ከዚያ ይልቅ እኔን የቆጨኝ የፓውዛው ዕድሜ ነበር። 25,000 ሰዓት ይሠራል የተባለ ኤልኢዲ ሌሊት ሌሊት ብቻ ቢበራ አምስት ዓመት ተኩል ያልፋል፤ ቀንና ሌሊት ከነደደ ሦስት ዓመት አይሞላም። ያውም በድሬ ቀትር ፀሐይ ላይ ተጥዶ፣ እንደ ምጣድ ግሎ።

ሌላ አማራጭ ያሰቡ አሉ። ሰዓት ያለው ታይመር መጥፎ አይደለም፤ እኛ ዘንድ የፀሐይ መግቢያ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይለዋወጥም። ነገር ግን የሚዞረው ዓይነት ታይመር ኤሌክትሪክ በሄደ ቁጥር ይቆማል፣ ሳምንት ሳይሞላ ሌሊቱ ቀን ይሆንበታል። ባለ ሶላሩን ፓውዛ እማማ በራቸው ላይ ሰቅለዋል፤ መብራት ሲጠፋ ያቺው ናት ግቢውን የምታሳየን፣ ሆኖም ሌሊቱ ሳይጋመስ መፍዘዝ ይጀምራል። ለምሰሶ አይሆንም።

ለአንድ መብራት የሚፈልግ ሰው ይህን ይግዛ፣ ሲገዛም ሳጥኑ ላይ የሽቦዎቹ ሥዕል መኖሩን ይይ፤ ሥዕል የሌለውን እዚያው ይተወው። ሁለት ሦስት ፓውዛ በአንድ ላይ ማሠራት የሚፈልግ ግን በቀጥታ ከፎቶሴሉ ጋር አያገናኛቸው። መሐል ላይ ኮንታክተር የሚባለውን፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ ያስገባ፤ ፎቶሴሉ ኮንታክተሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ የፓውዛዎቹን ጭነት የሚሸከመው ኮንታክተሩ ይሆናል። ዋጋው ከፎቶሴሉ ይልቅ የሚወደደው ኮንታክተሩ ነው፤ ቢሆንም ነጥቡ ተበያይዶ ምሰሶ በዱላ ከመደብደብ ያድናል።