የትራፒዚየምን ስፋት በጂኦጄብራ መማር፦ የመሣሪያው ግምገማ

የትራፒዚየም ስፋት ቀመር አጭር ነው፤ የሁለቱ ትይዩ ጎኖች ርዝመት ይደመራል፣ ድምሩ ለ2 ይካፈላል፣ የተገኘው በቁመቱ ይባዛል። አስቸጋሪው ነገር ቀመሩን መያዝ ሳይሆን በተሰጠው ምስል ላይ ቁመቱ፣ ማለትም በትይዩ ጎኖቹ መካከል ያለው ቀጥ ያለ ርቀት፣ የቱ እንደሆነ መለየት ነው። ብዙ ተማሪዎች በቁመቱ ፋንታ ሰያፉን ጎን ያባዛሉ፤ ቁጥር ብቻ ተቀብለው መልስ የሚሰጡ የኢንተርኔት ማስያዎችም ይህን ስሕተት አያርሙም፤ የሰያፉን ጎን ርዝመት ቁመት ነው ብሎ ለሞላላቸው ሰው ያንኑ አባዝተው ይመልሱለታል። ስለዚህ ለዚህ ትምህርት የሚሆን መሣሪያን የምመዝነው ይህን ልዩነት በዓይን ማሳየት በመቻሉ ነው፤ በዚህ መመዘኛ ጂኦጄብራን ከማስያዎቹ እጅግ አስበልጠዋለሁ።

ጂኦጄብራ እ.ኤ.አ. በ2001 በኦስትሪያው ዛልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ በማርኩስ ሆሄንዋርተር የተጀመረ የሒሳብ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት ያለ ክፍያ ይሰጣል። በስልክም በኮምፒዩተርም ይሠራል።

ጥንካሬው በአንድ ምሳሌ በግልጽ ይታያል። ታችኛው ትይዩ ጎን 25፣ ላይኛው 11፣ ቁመቱ 12 የሆነ ትራፒዚየም እንሥራ። የታችኞቹ ሁለት ነጥቦች በ(0፣ 0) እና በ(25፣ 0) ይቀመጣሉ፤ የላይኛው ግራ ነጥብ አግድም ቁጥር ከአንድ ስላይደር (በመግፋት ቁጥሩን ከሚለውጡት መቆጣጠሪያ) ጋር ይያያዛል፣ የቀኙ ደግሞ በዚያው ቁጥር ላይ 11 ተጨምሮ ይሰጠዋል፤ የሁለቱም ከፍታ 12 ነው። ስላይደሩ 5 ላይ ሲሆን ሰያፍ ጎኖቹ 13 እና 15 ናቸው፣ ስፋቱም 216 ነው። ወደ 7 ሲገፋ ሁለቱ ሰያፍ ጎኖች እኩል 13.89 ይሆናሉ፣ ስፋቱ ግን 216 ላይ ይጸናል። ወደ 0 ሲመለስ የግራው ጎን ቀጥ ብሎ ይቆምና ርዝመቱ ከቁመቱ ጋር እኩል 12 ይሆናል፣ የቀኙ ግን ወደ 18.44 ይረዝማል፤ ስፋቱ አሁንም 216 ነው። ሰያፍ ጎኖቹ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ እየተለዋወጡ ስፋቱ ሳይነቃነቅ ሲቀር ያየ ተማሪ 13ን በትይዩ ጎኖቹ አማካይ በ18 አባዝቶ 234 የሚልበት ምክንያት አይኖረውም። ስላይደሩ እስከ 20 ከተገፋ ደግሞ የላይኛው ቀኝ ነጥብ ከታችኛው ጎን አልፎ ይወጣና ከእሱ የሚወርደው ቁመት ከምስሉ ውጭ ያርፋል፤ በወረቀት ላይ ሲነገራቸው ብዙዎች የሚጠራጠሩት ይህ ሁኔታ እዚህ በአንድ እንቅስቃሴ ይታያል።

ለ2 የምናካፍለው ለምን እንደሆነም መሣሪያው ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ትራፒዚየሙን በአንደኛው ሰያፍ ጎን አጋማሽ ነጥብ ዙሪያ 180 ዲግሪ ብናዞረው፣ ዋናውና ቅጂው ተጋጥመው መሠረቱ 36፣ ቁመቱ 12 የሆነ ፓራሌሎግራም ይሠራሉ፤ ስፋቱ 432 ስለሚሆን ግማሹ 216 ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ቁመቱ ሳይሰጥ አራቱ ጎኖች ብቻ ሲታወቁ የሚሰጠውን አገልግሎት ነው። ከ25 ላይ 11 ሲቀነስ 14 ይቀራል፤ ከታችኛው ጎን ግራ ጫፍ ተነሥቶ በ14 ርቀት ላይ ነጥብ ይደረጋል፣ ከዚያም በግራው ጫፍ ላይ ሬዲየሱ 13 የሆነ ክብ፣ በአዲሱ ነጥብ ላይ ሬዲየሱ 15 የሆነ ክብ ይሠራል። ሁለቱ ክቦች የሚገናኙበት ቦታ የላይኛው ግራ ነጥብ ሲሆን፣ ቁመቱ 12 መሆኑም ከዚያ ይነበባል። ሰያፍ ጎኖቹ 5 እና 6 ናቸው ከተባለ ክቦቹ ጨርሶ አይገናኙም፤ ድምራቸው 14 ስለማይሞላ እንዲህ ያለ ትራፒዚየም የለም ማለት ነው።

ጉድለቶችም አሉት። አራት ነጥቦችን እንዲሁ ማገናኘት ትራፒዚየም ስለማይሰጥ፣ ነጥቦቹን በኮኦርዲኔት የማይወስን ሰው የትይዩ መስመር መሣሪያውን መጠቀም ይኖርበታል፤ ይህን ያልተረዳ ጀማሪ ተራ ባለ አራት ጎን ምስል ሠርቶ በቀመሩ ሲያሰላ ሁለቱ መልሶች አይስማሙለትም። ነጥቦቹ በዙሪያው በቅደም ተከተል ካልተነኩም ጎኖቹ እርስ በርስ ይቋረጡና ስፋቱ 216 መሆኑ ይቀራል። ስፋቱ የሚወጣው ያለ ስሌት ሂደት ስለሆነ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ደረጃዎቹን ራሱ በወረቀት መጻፍ አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የመለኪያ አሃድ ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩ ለሜትርና ለሴንቲ ሜትር ልዩነት የለውም፤ ትይዩ ጎኖቹን በሜትር 25 እና 11፣ ቁመቱን በሴንቲ ሜትር 1200 ብሎ ያስገባ ሰው 21,600 የሚል ቁጥር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቀበላል። እውነተኛ መሬት ለክቶ የሚጠቀምበት ሰው ሁሉንም ልኬት አስቀድሞ ወደ አንድ አሃድ መለወጥ አለበት፤ እንዲሁም ቁመቱን ሲለካ በ10 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት የዚህ ትራፒዚየም ስፋት በ1.8 ካሬ ሜትር እንደሚዛባ አስቦ፣ በማያ ገጹ ላይ ከነጥብ በኋላ የሚታዩትን አኃዞች በዚያው መጠን ብቻ ሊያምናቸው ይገባል።