ባለ አምስት ቀዳዳዋ ዲቫይደር እና የዓሳ ሳጥኔ

ደብረ ማርቆስ ላይ የጌጥ ዓሳ ያሳደገ ያውቀዋል፤ ሂተር የግድ ነው። ብርዳችን አይጣል ነው፣ የኔዎቹ ዓሳዎች ደግሞ ከ24 ዲግሪ ሲወርድ ጥግ ይዘው ይቆዝማሉ። ሂተር፣ ፊልተር፣ የአየር ፓምፕ፣ መብራት፤ አራት ገመድ ለአንዲት ሶኬት። ስለዚህ መናኸሪያ አካባቢ ካለ ሱቅ ባለ አምስት ቀዳዳ ዲቫይደር በ600 ብር ገዛሁ።

በጭነት በኩል አልከሰውም። ሂተሩ 100 ዋት ነው፣ ሌሎቹ ተደምረው 40 አይሞሉም፣ በ220 ቮልት አንድ አምፔር እንኳን አይደርስም። (ምጣድ የሚሰካበት ካለ የራሱ ጉዳይ።) ቀዳዳዎቹ ጠበቅ ያሉ ናቸው፣ ለየብቻም ማጥፊያ አላቸው። ውሃ ስቀይር ግን በማጥፊያው አልተማመንም፣ አንዱን ሽቦ ብቻ ሊያቋርጥ ስለሚችል እነቅለዋለሁ፤ ሂተር ከውሃ ውጪ እየጋለ ከቆየ ደግሞ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ያናደደኝ ኧርዙ ነው፣ ማለትም የሾለከ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው ሦስተኛው ሽቦ። ከጎንና ከጎኑ የኧርዝ ብረት አለው፣ ሻጩም «ባለ ኧርዝ ነው» ብሎ ምሎልኛል። ቤት ገብቼ ብሎኑን ስፈታው ገመዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ሁለት ብቻ! ብረቷ ለጌጥ ናት።

ጎረቤታችን ያሉትን ኤሌክትሪሽያን «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ ቤቱ ራሱ ኧርዝ እንዳለው ፈተሹ፣ ከዚያ ገመዱን ባለ ሦስት ሽቦ አደረጉት። «ኧርዙ ለመብራቱ ቆርቆሮ ክዳን ይጠቅምሃል፣ ሂተርህ ግን ባለ ሁለት እግር ስለሆነ አይደርስለትም» ብለው ኮረንቲ ሲሾልክ ራሱ የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር የሊኬጅ ብሬከር አስገቡልኝ። በየወሩ የመሞከሪያ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ቀጭ ብሎ ይወርዳል።

የራሴም ጥፋት አለ። ዲቫይደሩን ሳጥኑ ሥር መሬት ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። አንድ ሌሊት መብራት ሄደ፣ ፓምፑ ቆመ፣ ውሃው በቀጭኗ ቱቦ ወደ ኋላ ተስቦ ፓምፑን አልፎ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ አደረ። ዲቫይደሩ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ደረስኩ! አሁን ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፣ ገመዶቹ ከሶኬቱ በታች ረገብ ብለው ነው ተመልሰው የሚወጡት፣ ውሃ ቢወርድባቸው እዚያው ታች ይንጠባጠባል። ፓምፑንም ከውሃው በላይ ሰቀልኩት።

ከአምስት ሁለት ሰጥቼዋለሁ፣ እሱም ለቀዳዳዎቹ ነው። ሻጩ ጋ ተመልሼ ብነግረው «ሁሉም እንደዚያው ነው» አለኝ። እናንተ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስፈትታችሁ ግዙ።