ክፍል፣ ቤዝመንት ወይስ አፓርታማ? ዲሲና አካባቢው ለሚገባ አዲስ ተከራይ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) አዲስ የገባ ሰው ቤት ሲፈልግ የሚያገኘው ምርጫ በተግባር ሦስት ነው፦ በሰው ቤት ውስጥ አንድ ክፍል መያዝ፣ የግለሰብ ቤት ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለውን ወለል) መከራየት፣ ወይም ኩባንያ በሚያስተዳድረው ሕንፃ ላይ በራስ ስም አፓርታማ መፈረም። ብዙ ሰው የሚያወዳድረው የወር ኪራዩን ብቻ ነው። በእኛ እምነት ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት በእጃችሁ ያለው ወረቀት ነው። ገንዘቡ እያለ እንኳ ወረቀቱ ካልተሟላ አንዳንዱ ቤት አይገኝም።

አፓርታማ፦ በጣም አስተማማኙ፣ ግን ለመግባት ከባዱ

ሊዚንግ ኦፊሶች (የሕንፃው አከራይ ቢሮዎች) የሚጠይቁት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ስተብ (የክፍያ ደረሰኝ)፣ የክሬዲት ታሪክ (ዕዳን በሰዓቱ የመክፈል መዝገብ)። ዕድሜው 18 የሞላ ነዋሪ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻው የማመልከቻ ክፍያ ይከፍላል፤ ብትከለከሉም አብዛኛው አይመለስም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት "መስፈርታችሁ ምንድን ነው?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ገቢው ላይ ነው። የተለመደው መስፈርት ከታክስ በፊት ያለው የወር ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ነው። በሰዓት 18 ዶላር እያገኘ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው የወር ገቢው 3,120 ዶላር ነው፤ ለሦስት ሲካፈል 1,040 ይሆናል። ኪራዩ 1,800 ከሆነ የሚጠየቀው ገቢ 5,400 ስለሆነ ይህ ሰው ብቻውን አያልፍም። እንደ እሱ የሚሠራ ሌላ ሰው አብሮት ቢፈርም ግን 6,240 ይሞላና ያልፋሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ውል ሲፈርሙ እያንዳንዳቸው ለግማሹ ሳይሆን ለሙሉው ኪራይ ተጠያቂ ናቸው። አንዱ በአራተኛው ወር ሌላ ስቴት ሥራ አግኝቶ ቢሄድ የቀረው 1,800ውን ሙሉ ይጠየቃል።

ክሬዲት የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አሠሪው የሰዓት ክፍያውንና የሳምንት ሰዓቱን ጠቅሶ የጻፈለትን የቅጥር ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንትና ዋስ የሚሆን ኮሳይነር ያቅርብ። ኮሳይነሩ የራሱን ቤት ወጪ ስለሚሸከም ከተከራዩ ከፍ ያለ ገቢ ይጠየቃል። "ዲፖዚቱን (ማስያዣውን) ጨምሬ ልያዝ" የሚለው መፍትሔ ግን በሁሉም ቦታ አይሠራም። ዲሲ ውስጥ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። ሜሪላንድም ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከሁለት ወር ወደ አንድ ወር አውርዶታል። ቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ይፈቅዳል። ሕጉ ለተከራይ ጥበቃ ነው፤ ክሬዲት ለሌለው ሰው ግን ቨርጂኒያ ላይ አከራዩን ለማሳመን አንድ ተጨማሪ መንገድ አለ ማለት ነው።

ማስታወቂያው ላይ "አንድ ወር ነፃ" የሚል ካያችሁ ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። 1,800 በ11 ወር ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 1,650 ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ በትልቁ የሚጻፈው ይህ ቁጥር ነው። ውሉ ላይ ያለው ግን 1,800 ነው፤ በዓመቱ ጭማሪው የሚሰላውም በእሱ ላይ ነው። ውሃ፣ ቆሻሻ፣ ፓርኪንግና የተከራይ ኢንሹራንስ ለየብቻ ሊጨመሩ ስለሚችሉ ሁሉንም ደምሮ የያዘ የአንድ ወር ሂሳብ ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ የጃንዋሪ ቢል ከሜይ ቢል ጋር አይቀራረብም።

ቤዝመንት፦ ዋጋው ደህና፣ ፍተሻው ብዙ

ባለቤቱ የሀገር ሰው ከሆነ ክሬዲት ላይጠይቅ ይችላል፤ ዩቲሊቲም (መብራት፣ ውሃና ጋዝ) አብዛኛውን ጊዜ ኪራዩ ውስጥ ነው። ባልና ሚስት ከአንድ ትንሽ ልጅ ጋር ሲሆኑ ጥሩ ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ቤቱ ሕጋዊ ከሆነ።

መጀመሪያ የመኝታ ቤቱን መስኮት እዩ። እሳት ቢነሳና ደረጃው ቢዘጋ መውጫው እሱ ብቻ ነው። በአሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ ለመኝታ ቤት መውጫ መስኮት ክፍተቱ ቢያንስ 61 ሴንቲሜትር ከፍታና 51 ሴንቲሜትር ስፋት እንዲኖረው፣ የታችኛው ጠርዝም ከወለሉ ከ112 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ሁለቱ ትንንሽ ልኬቶች ብቻቸውን አይበቁም፤ ጠቅላላ ክፍተቱም 0.53 ካሬ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ መስኮቱን ራሳችሁ ከፍታችሁ ለኩ። ጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ መስታወት ብቻ ካገኛችሁ ያ መኝታ ቤት አይደለም፤ ኪራዩ የቱንም ያህል ቢረክስ ልጅ አታስተኙበት።

ቀጥሎ እርጥበት። ቁም ሣጥን ከፍታችሁ አሽቱ፤ ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀለሙ የተላጠ ወይም ያበጠ ከሆነ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይገባል ማለት ነው። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኖሩን ተመልከቱ፤ የጋዝ ማሞቂያው ብዙ ጊዜ ያለው እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) ፎቅ ላይ ከሆነ ሙቀቱን የሚወስነው ባለቤቱ ስለሆነ ክረምት ላይ በስንት ዲግሪ እንደሚያዝ ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ሌላው የሚዘነጋው የኪራይ ጭማሪ ነው። ዲሲ ውስጥ ጭማሪን የሚገድበው ሕግ በአብዛኛው ከ1976 በፊት የተሠሩ ሕንፃዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ አራትና ከዚያ በታች ቤት የሚያከራይ ግለሰብን አይነካም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2024 ጀምሮ የዓመት ጭማሪን ቢበዛ 6 በመቶ ላይ ገድቧል፤ ከ23 ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያላቸው ሕንፃዎችና አንድ ወይም ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራይ ግለሰብ ግን ነፃ ናቸው። ቨርጂኒያ ላይ ገደብ የለም። እንግዲህ ቤዝመንት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥበቃችሁ ውላችሁ ብቻ ነው፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ክፍል፦ ለመጀመሪያዎቹ ወራት

ክሬዲትም ስተብም ለሌለው ሰው ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው። ማስታወቂያው በፌስቡክና በቴሌግራም ግሩፖች፣ በሐበሻ ሱቆች ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ከዋጋው በፊት ግን "እናንተ ባለቤት ናችሁ ወይስ ተከራይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዋናው ተከራይ አከራዩን ሳያስፈቅድ ክፍል ካከራየ አብዛኛውን ጊዜ ውሉን ጥሷል፤ ሲታወቅ እሱም እናንተም ልትወጡ ትችላላችሁ።

አድራሻም ጉዳይ ነው። በዲቪ ለገባ ሰው ግሪን ካርዱ የሚላከው በሰጠው አድራሻ ነው፤ ስማችሁ ፖስታ ሳጥኑ ላይ ካልተለጠፈ ሊመለስ ይችላል። ቤት ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ልጅ ለማስመዝገብም በወላጅ ስም የተጻፈ ውል፣ ከሌለ ደግሞ ባለቤቱ የሚፈርምበት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ይህን የማይፈርም አከራይ ለብቸኛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ላለው ግን አይሆንም። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ኪራዩን፣ ዲፖዚቱን፣ ዩቲሊቲውን፣ ኩሽናና ፓርኪንግ አጠቃቀሙን፣ ለመልቀቅ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር ጻፉ። ኪራዩን በቼክ ወይም በመኒ ኦርደር ክፈሉ፤ ኋላ ለአፓርታማ ስታመለክቱ በሰዓቱ ለመክፈላችሁ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ቤቱን ሳታዩ በዜል (በባንክ መተግበሪያ ገንዘብ መላኪያ) ወይም በሐዋላ ዲፖዚት ላኩ የሚላችሁ፣ "ውጭ ሀገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ" የሚል ሰው ሌባ ነው። የላካችሁት ብር አይመለስም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ በመንግሥት የንብረት መዝገብ በነፃ ማየት ይቻላል፤ ሜሪላንድ ላይ አድራሻውን በስቴቱ የንብረት መዝገብ ድረ ገጽ ማስገባት ይበቃል።

የትኛው ለማን?

ብቻውን ለመጣና ገና ሥራ ላልያዘ ሰው ክፍል፣ ለሦስት ወይም ለስድስት ወር። በዚያ ጊዜ ስተብ ይጠራቀማል፤ ሴኪዩርድ ክሬዲት ካርድ (ገንዘብ አስይዞ የሚወሰድ ካርድ) ከተወሰደም የክሬዲት ታሪክ ይጀመራል። ሁለት ሠራተኛ ያለበት ቤተሰብ አፓርታማ ቢሞክር ይሻላል፤ ቤዝመንቱን በሁለተኛ ደረጃ እናስቀምጠዋለን። ከተማውን በተመለከተ፣ መኪና ያለው ሰው ቨርጂኒያ በየዓመቱ በመኪና ዋጋ ላይ ግብር እንደምታስከፍል፣ ሞንትጎመሪ ደግሞ ከስቴቱ በተጨማሪ የካውንቲ የገቢ ግብር እንዳለው ከኪራዩ ጋር ደምሮ ያስላ። መኪና የሌለው እስከ ሜትሮ ጣቢያው በእግሩ ሄዶ ይለካ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን፣ የአሌክሳንድሪያው ኪንግ ስትሪት በብሉና በየሎ ላይን ላይ ናቸው።

ቁልፍ በምትረከቡበት ቀን፣ ዕቃ ሳይገባ፣ እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ቅዱ፦ ምድጃውን እያበራችሁ፣ ቧንቧውን እየከፈታችሁ፣ የምንጣፉን እድፍ እያሳያችሁ። ለአከራዩ በዚያው ቀን በኢሜይል ላኩት። ቨርጂኒያ ላይ የአከራዩን የርክክብ ሪፖርት ከደረሳችሁ በኋላ ለመቃወም ያላችሁ 5 ቀን ብቻ ነው። ስትለቁም አዲሱን አድራሻችሁን በጽሑፍ ስጡ፤ በሦስቱም ቦታ አከራዩ ዲፖዚቱን ለመመለስ ወይም ለምን እንደቀነሰ ለማስታወቅ ያለው ጊዜ 45 ቀን ነው።