የሚስተካከል ካም ጊር ወይስ ደህና ቺንጋ? የ17,500 ብር ንጽጽር

«ያንን ቀይ ጊር ካስገባህ በኋላ መኪናዋ እንዴት ሆነች?» አዳማ ውስጥ ኮሮላ ኖሮት ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ብዙም ግን አልሳሳትም። መልሱን በየሻይ ቤቱ ከምደግመው እዚህ ጽፌው ልረፍ። ባጭሩ አትግዙ። ረዘም ያለውን ደግሞ ገንዘብ ከፍዬ ስለተማርኩት ስሙኝ።

ለማያውቅ ሰው፣ ካም ጊር ማለት ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ (ካምሻፍቱ) ጫፍ ላይ ያለው ጥርሳም መዘውር ነው፤ የሞተሩ ዋና ዘንግ (ክራንኩ) በጥርሳም ቀበቶ ያዞረዋል፤ እዚህ ቺንጋ የምለውም ያንን ቀበቶ ነው። የሚስተካከለው ዓይነት ሁለት ክፍል አለው፤ ጥርስ ያለው የውጭ ቀለበትና ካምሻፍቱ ላይ የሚቀመጠው መሐል። ብሎኖቹን አላልቶ አንዱን በሌላው ላይ በጥቂት ዲግሪ ማንሸራተት ነው ሥራው ሁሉ። ካሙ ሲቀድም፣ ማለትም ቫልቮቹ ቀደም ብለው ሲከፈቱ፣ ጉልበቱ ወደ ዝቅተኛው ዙር ይወርዳል፣ ሲዘገይ ወደ ላይኛው ይሸሻል። ጊሩ ላይ የዞረው አንድ ዲግሪ ክራንኩ ላይ ሁለት መሆኑን ግን አትርሱ፤ ርካሾቹ ጊሮች ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች የየትኛው እንደሆኑ ሻጩም አያውቅም።

ቪትዝ ያላችሁ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። የእናንተ ሞተር በሰንሰለት ነው የሚሠራው፣ የካሙንም ሰዓት ራሱ በዘይት ግፊት ያስተካክላል። «ለቪትዝም ይሆናል» ያላችሁ ሻጭ ካለ ሌላ ዕቃም ከእሱ አትግዙ።

የኔዋ በ1990ዎቹ የተሠራች ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር 4ኤ-ኤፍኢ። ምርጫዬ ሦስት ነበር። አንደኛው እዚሁ ከተማ ውስጥ በ6,500 ብር የቀረበልኝ፣ የታዋቂ የጃፓን ፋብሪካ ስም የተለጠፈበት ቀይ ጊር። ሁለተኛው ውጭ አገር ካለ ዘመድ እውነተኛውን ማስመጣት፤ እሱ 150 ዶላር ገደማ ተባልኩ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከ20,000 ብር በላይ ነው፣ ያውም ዘመዳችሁ በሻንጣው ይዞላችሁ ከመጣ። ሦስተኛው መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን ጊር ሳልነካ ቺንጋውን፣ ቺንጋውን የሚወጥረውን የቴንሽነር ኩሽኔታና ዘይት የሚያግዱትን ሲሎች መቀየር። መካኒኬ ሦስተኛውን አለኝ። እኔ አንደኛውን ገዛሁ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ነዳጅ ስረግጥ መኪናዋ ፈጠን ብላ ትመልሳለች። ለሁለት ሳምንት ያህል ለሁሉም ሰው አወራሁ፤ ዛሬ የሚጠይቁኝም ያኔ ወሬዬን የሰሙት ናቸው። ከዚያ ወደ አሰላ ስወጣ፣ ዳገቱ ላይ ከሞተሩ ውስጥ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የሚናጥ የሚመስል ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ቤንዚኑን ረገምኩ። ማደያ ቀየርኩ። ድምፁ አልቀረም። በአምስተኛው ወር ኢተያን አለፍ እንዳልኩ ሞተሩ ድንገት ጸጥ አለ፤ ቁልፍ ሳዞር ያለ ምንም ተቃውሞ በባዶው ይሽከረከራል። ቺንጋው ተበጥሷል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ 4ኤ-ኤፍኢ ቺንጋ ሲበጠስ ፒስተኑና ቫልቩ የማይገናኙበት ሞተር ነው። በዚያ ዘመን የሆንዳ ሲቪክ ሞተር ቢሆን ኖሮ ቫልቮቹ ጎብጠው ቴስታታውን፣ ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን ራስ፣ ማውረድ ይመጣ ነበር። ለጎታች መኪና 4,500 ብር ከፍዬ ተመለስኩ።

መካኒኬን ጋሼ ነው የምለው፤ ዕድሜውም እጁም ያስከብረዋል። ምንም ሳይናገር የድሮውን ጊር ከመደርደሪያ አወጣና ከቀዩ ጋር ደረበው፤ ካምሻፍቱ ላይ ለሚገባው ፒን በተበሳው ቀዳዳ አንድ ዘንግ በሁለቱም አሳለፈ። ቀዩ ዜሮ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጥርሶቹ አልገጠሙም! የአንድ ጥርስ ሩብ ያህል ቀድሟል፤ በክራንኩ ሲቆጠር ወደ አራት ዲግሪ ማለት ነው። ከዚያ የተናገረው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ልጄ፣ ይህ ሞተር እኮ ዲስትሪቢውተሩ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው፣ ካምሻፍቱ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ካሙን ስታስቀድመው እሳቱም አብሮ ይቀድማል። አንተ ጉልበት አልገዛህም፣ የእሳት ሰዓት ነው የገዛኸው። እሱን እኔ ሁለት ብሎን አላልቼ በነጻ አዞርልህ ነበር።»

ነገሩ ይህ ነው። የዚህ ሞተር የእሳት ሰዓት፣ ማለትም ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ በስንት ዲግሪ ቀድሞ እሳቱ እንደሚነሣ፣ ሲለካ፣ በምርመራ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲዞር በታይሚንግ መብራት 10 ዲግሪ መሆን አለበት። የኔ 14 ገደማ ነበር። ፈጣን ምላሹም ከዚያ ነው፣ ዳገት ላይ ያለው መንኳኳትም ከዚያው። ጊር ገጥሞላችሁ ሰዓቱን በመብራት ሳይለካ «ሞክራት» የሚላችሁ ሰው ካለ የምትሞክሩት ካሙን ሳይሆን ዲስትሪቢውተሩን ነው።

ሌላም የማይነግሯችሁ ነገር አለ። በ4ኤ-ኤፍኢ ቺንጋው የሚያዞረው አንዱን ካምሻፍት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ከአንደኛው በጥርስ ተያይዞ ይዞራል። ስለዚህ አንዱን ስታስተካክሉ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። በመጽሔት የምናየው የአየር መግቢያውንና የጭስ መውጫውን ካም ለየብቻ የማስተካከል ጥበብ 4ኤ-ጂኢን ለመሰሉ፣ ሁለት ጊር ላላቸው ሞተሮች ነው። ቶዳና ኤችኬኤስ የመሳሰሉት የጃፓን ፋብሪካዎችም ለእነዚህ ነው የደከሙት። ያም ሆኖ ጥቅሙን የሚያሳየው የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ በዲግሪ በዲግሪ እየተሞከረ ሲሠራ ነው፤ እንዲህ ያለ ማሽን አዳማ ውስጥ እስካሁን አላየሁም።

አንዳንዱ ደግሞ ከፍታውን ያነሳል። አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ ትንሽ ባነሰ መጠን ይቀንሳል፣ ሞተሩም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። እውነት ነው። ግን ጊሩ የጎደለውን አየር አያመጣም። ካሙን አዘግይታችሁ ላይኛውን ዙር ብትፈልጉስ፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ እንኳ ከ5,000 ዙር በላይ ስንት ደቂቃ ትነዳላችሁ?

ስለ ቺንጋው ልመለስ። የፋብሪካው ጊር ብረት ነው፤ ቀዩ አሉሚኒየም፣ ያውም ለስላሳው። ማስተካከያው እንዲደረስበት ተብሎ የቺንጋው መሸፈኛ ተነሥቶ ስለነበር የአዳማ ነፋስና አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሠርቶበታል። ጥርሶቹ ላይ ቀለሙ ተልጦ ስለቱ ወጥቷል። ጊሩ ራሱም ሲዞር ይዋልል ስለነበር የቺንጋውን ጠርዝ እንደ ገመድ ተርትሮታል። ከአምስቱ ብሎኖች የአንዱ ራስ ገና በመጀመሪያው ፍቺ ተልጧል።

ሒሳቡ ይኸው። ጊር 6,500፣ መግጠሚያ 1,800፣ ጎታች 4,500፣ አዲስ ቺንጋ 3,200፣ እንደገና መግጠሚያ 1,500። 17,500 ብር ወጥቶ መኪናዋ ወደነበረችበት ተመለሰች። የጋሼ ምክር ግን ቺንጋ 3,200፣ ኩሽኔታ 1,900፣ ሲሎች 1,100፣ እጅ 1,500፣ በድምሩ 7,700 ብር ነበር። በመጨረሻ ኩሽኔታውንና ሲሎቹንም ስለጨመርኩ 3,000 ብር ሌላ ወጣ፤ እሱን ግን ኪሳራ አልለውም፤ ያረጀ ሲል ዘይት ካፈሰሰ አዲሱንም ቺንጋ ይበላዋልና።

ቺንጋም ቢሆን «ታይዋን» አለው። በ900 ብር የሚሸጠውን አትንኩ። ጽሑፉን በአውራ ጣታችሁ አሹት፤ የሚለቅ ከሆነ መልሱት። ጥርሱ ላይ ያለው ጨርቅ በጥፍር የሚነሣ ከሆነም መልሱት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዳችሁ ርካሽ ብታገኙ እንኳ መጓጓዣውን ጨምራችሁ ቁጠሩ። መመሪያው እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፤ እኔ በዚህ አቧራ ከ60,000 አላሳልፍም።

የሚስተካከል ጊር በእውነት የሚያስፈልገው ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ሞተሩ ሞቆ ቴስታታው ቶርኖ ቤት የተላገለት ሰው አንዱ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ከተነሣ ቴስታታው ወደ ክራንኩ ስለሚቀርብ ካሙ በአንድ የክራንክ ዲግሪ ገደማ ይዘገያል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ለተላገ ቴስታታ ያንን መመለስ ትርጉም አለው። ያ ሰው ከሆናችሁ እውነተኛውን አስመጡ፣ ከድሮው ጋር ደርባችሁ ዜሮውን አረጋግጡ፣ ብሎኖቹን በመለኪያ ቁልፍ አጥብቃችሁ ቀለም ምልክት አድርጉባቸው፣ መሸፈኛውንም መልሱ። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ሞተር መንከባከብ ግድ ስለሆነ፣ ይህ ወጪ ለአንዳንዱ ያዋጣል።

ቀዩ ጊር እስከ ባለፈው ሳምንት ቤቴ ነበር። አንድ ወጣት ወሬውን ሰምቶ 3,000 ብር ሊሰጠኝ መጣ። የድሮውን ጊር ደርቤ፣ ዘንጉን አሳልፌ፣ ዜሮው ምን ያህል እንደሚስት አሳየሁት። ትክ ብሎ ተመለከተውና «በ2,000 ትሰጠኛለህ?» አለኝ።