አብሮ የተሠራ ሌስሊ ወይስ ለብቻው የሚቆም ሣጥን? ያገለገለ ኦርጋን ለሚገዙ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወዳጆቼ ያገለገለ የሃሞንድ የቤት ኦርጋን በርካሽ ሲሸጥ ባዩ ቁጥር «ልግዛው ወይስ ልተወው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው በአብዛኛው የሚያዞረው ወደ ሌስሊ፣ ማለትም ወደ ተሽከርካሪው ስፒከር ነው፤ የድሮው ኦርጋን የሚርገበገበው ድምፁ ከዚያ ይመጣልና። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ኦርጋኑ ሆድ ውስጥ አብሮ የተሠራውን ትታችሁ፣ ዋጋው እጥፍ ድርብ ቢሆንም፣ እንደ ሌስሊ ሞዴል 147 ያለውን ለብቻው የሚቆም የእንጨት ሣጥን ግዙ።

እኔ በመጀመሪያ ያደረግሁት የዚህን ተቃራኒ ነበር። ሌስሊ አብሮት የተሠራ ሃሞንድ ቲ-200 በ150 ዶላር አግኝቼ፣ ለጭነት መኪና ኪራይ 90 ዶላር ከፍዬ ቤቴ አስገባሁት። ሌስሊ ዝግተኛና ፈጣን ዙር አለው፤ ፈጣኑን ስከፍተው ግን «ቷ፣ ቷ» እያለ ይመታ ጀመር። ጀርባውን ስከፍት፣ የሚሽከረከረው ከበሮ ቴሌቪዥን ከነካርቶኑ ሲመጣ ከሚታሸግበት ዓይነት ነጭ ፎም የተሠራ ሆኖ አገኘሁት፤ ጠርዙም ተሰንጥቋል። በቤት የነበረኝን ጠንካራ ማጣበቂያ ስቀባው በውስጡ ያለው ማሟሟያ ፎሙን በልቶ ቀዳዳ ከፈተበት፤ ለእንጨት የሚሆነው ነጩ ኮላ እንደሚስማማው የነገረኝ በኋላ 120 ዶላር የከፈልኩት ጠጋኝ ነው። ምትክ ከበሮ ብፈልግ ያገኘሁት ከሌላ አሮጌ ኦርጋን የወጣ፣ እሱም የተሸረፈ ነበር። በዚያ ላይ በ25 ዶላር የገዛሁት ቺንጋ መጋጠሚያው ጎላ ያለ ኮፒ ሆኖ፣ ፑሌጃውን ባለፈ ቁጥር ራሱ አዲስ ምት ጨመረልኝ፤ ሁለተኛው 38 ዶላር ነበር። 150 ዶላር ያልነው ኦርጋን 423 ዶላር ሆነ፤ ከበሮው ግን ዛሬም ያዘነብላል።

147ቱን የገዛሁት በ950 ዶላር ነው፤ እሱም ደኅና አልነበረም፣ ዝግተኛው ዙር አይሠራም ነበር። ይህ በእነዚህ ሣጥኖች እጅግ የተለመደ ብልሽት ነው። ላይ ያለውን ቀንድ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ጥሩምባ መሰል ክፍል፣ የሚያዞሩት አንዱ በሌላው ላይ የተቀመጡ ሁለት ሞተሮች ናቸው፤ የታችኛውም ከበሮ የራሱ ሁለት አለው። ዝግተኛው ሞተር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ዘንጉ ተስቦ ከፈጣኑ ሞተር ጋር የተያያዘውን ባለጎማ መንኰራኵር ይነካና ያዞረዋል። ጎማው በእርጅና ከደረቀ ይንሸራተታል፤ አሮጌው ዘይት ከረጋ ደግሞ ዘንጉ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ዘንጉን አጽድቼ፣ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምሬ፣ ጎማውንና ቺንጋዎቹን በ60 ዶላር ለወጥኩ፤ የጠጋኝ ዋጋ አልከፈልኩም። ኪቦርዴን ለማገናኘት የገዛሁት ቅድመ ማጉያ 240 ዶላር ስለ ነበር ጠቅላላው 1,250 ዶላር ሆነ። ከቲ-200ው በ827 ዶላር ይበልጣል፤ ነገር ግን የምትክ ዕቃ ጉዳይ አያሳስበኝም፤ የለወጥኩትን ሁሉ አዲስ አግኝቼዋለሁ።

ሻጩ ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ ሶኬቱ ተነቅሎ ቀንዱን በእጃችሁ አዙሩት፤ የሚያጓራ ወይም ቶሎ የሚቆም ከሆነ ኩሽኔታው አልቆ ሊሆን ይችላል። ከቀንዱ ሁለት አፎች ድምፅ የሚያወጣው አንዱ ብቻ መሆኑ አያስደንግጣችሁ፤ ሌላው ለሚዛን የተቀመጠ ነው። ፍጥነቱን ስትቀይሩ ቀንዱ ወዲያው ታዝዞ ከበሮው ወደ ኋላ ቢቀርም ብልሽት አይደለም፤ ከባድ ስለ ሆነ ነው፣ የድምፁ ግማሽ ውበትም በዚህ መዘግየት ውስጥ አለ። ይህን ሳያውቅ ዋጋ ያስቀነሰ ወዳጅ አለኝ፤ ሻጩም ሳያውቅ ቀነሰለት።

ሌስሊን በዲጂታል የሚያስመስሉትን ትንንሽ ፔዳሎች ለመድረክ እመክራለሁ፤ ለቤት ግን አልወዳቸውም።

ወደ አዲስ አበባ ለመላክ የምታስቡ ደግሞ ትራንስፎርመር ገዝታችሁ ነገሩ ያለቀ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ 220 ቮልቱን ወደ 120 ያወርዳል እንጂ የአገር ቤቱን 50 ኸርዝ ወደ አሜሪካው 60 አይቀይርም። የ147ቱ ሞተሮች ፍጥነታቸውን በአንድ ስድስተኛ ያህል ቢቀንሱም ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሌጃ ያስተካክላቸዋል። ቲ-200 ግን ድምፁን የሚያመነጩትን ጥርሳም ጎማዎች የሚያዞረው ሞተር ራሱ ኸርዙን ስለሚከተል፣ ኦርጋኑ በሙሉ ወርዶ «ዶ» ሲነኩት «ላ» ይላል፤ ከባንድ ጋር ልትጫወቱበት አትችሉም።

ሣጥኑን መርጣችሁ ለመክፈል ከተዘጋጃችሁ የሞዴል ቁጥሩ 122 ይሁን 147 ከጀርባው አንብቡ። የሁለቱም መሰኪያ ባለ ስድስት እግር ሆኖ እርስ በርስ ይገባል፤ ሽቦው ግን የተለያየ በመሆኑ በተሳሳተ ገመድ ማብራት ማጉያውን ሊያቃጥለው ስለሚችል፣ ገመዱንና ማገናኛውን ሻጩ ከራሱ ከሣጥኑ ጋር አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።