ለብላክጃክ ቆጠራ ልምምድ የፕላስቲክ ካርታ ወይስ የወረቀት?

በአዲስ አበባ ሱቆች የሚገኘውን የፕላስቲክ ካርታ አብዛኛው ሰው ለኮንከር ይገዛዋል። በብላክጃክ፣ ማለትም ድምርን ወደ 21 በማስጠጋት በሚሸነፍበት የካዚኖ ጨዋታ፣ የወጡትን ካርታዎች እየተከታተሉ የቀሩትን መገመትን (ቆጠራን) ለሚለማመድ ግን ከወረቀቱ በብዙ ይሻላል። የወረቀቱ ጠርዝ ቶሎ ይሻክራል፤ ጀርባው ሲታጠፍ ዓይን ካርታውን ሳይገለጥ ይለየዋል፣ ልምምዱም ይበላሻል። ፕላስቲኩ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል። አዲስ ሲሆን በጣም ስለሚያንሸራትት ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፉ።

ከመክፈላችሁ በፊት ቁጠሩት፤ ጆከሮቹ ሲወጡ 52 መሆን አለበት። አንድ 5 እንኳ ከጎደለ ከታች የምናየው የቆጠራ ድምር ዜሮ ላይ አይዘጋም።

ከ2 እስከ 6 ሲወጣ አንድ ደምሩ፣ ከ7 እስከ 9 እለፉ፣ ከ10 እስከ አስ አንድ ቀንሱ። አንዱን ካርታ ሳታዩ ወደ ጎን አድርጋችሁ 51ዱን ቁጠሩ፤ ውጤቱ +1 ከሆነ የተደበቀው 10፣ ባለሥዕል ወይም አስ ነው። 5 እና ኪንግ አብረው ሲወጡ እንደ ዜሮ ማለፍ ፍጥነት ይጨምራል። 30 ሰከንድ ጥሩ ግብ ነው።

ለፍጥነት አንድ ፓኬት ይበቃል። የካዚኖን ጠረጴዛ ለመምሰል ግን ጀርባቸው አንድ ዓይነት የሆነ ስድስት ፓኬት፣ 312 ካርታ፣ ያስፈልጋል። ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው፦ ድምሩ +6 ሆኖ ሦስት ፓኬት ከቀረ፣ ድምሩ ለቀሩት ፓኬቶች ሲካፈል የሚገኘው እውነተኛው ቁጥር 2 ብቻ ነው። ሳያካፍል ወይም በሽንፈት ንዴት ውርርድ የሚያሳድግ ሰው ቆጠራው ትክክል ሆኖም ገንዘቡን ይጨርሳል። ካርታውን ያለማቋረጥ የሚበውዝ ማሽን ባለበት ጠረጴዛ ደግሞ ቆጠራ ፈጽሞ አይሠራም።